ሊነክስን ፍላሽ ላይ መጫን፦ የራሱ ላፕቶፕ ለሌለው የአሰላና የአርሲ ደጋ ተማሪ መመሪያ

ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ፣ ከኢተያ ወይም ከሁሩታ ለትምህርት አሰላ የሚመጣ ወጣት ፍላሽ አያጣም፤ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። የቤት ሥራውን በቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ይጀምራል፣ በጓደኛ ላፕቶፕ ይቀጥላል፣ በጽሕፈት ቤት ያሳትማል። በደረሰበት ሁሉ የሚያገኘው ዊንዶውስ የተለያየ ነው። አንዱ ጋ የአማርኛው ፎንት የለም፤ ሌላው ጋ ቫይረስ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ይደረድርለታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ወራት የፈጀ ልፋት በአንድ የተበከለ ኮምፒውተር ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ ችግር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ አለ። ሊነክስ የተባለ ሙሉ ስርዓተ ክወና ከነፕሮግራሞቹና ከነፋይሎችዎ ፍላሽ ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ የማንም ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ሲያስነሱ የሚከፈትልዎት የራስዎ ገጽ፣ የራስዎ ኪቦርድና የራስዎ ጽሑፍ ነው። የባለቤቱ ዊንዶውስ አይነካም፤ ፍላሹን ሲነቅሉ ኮምፒውተሩ እንደነበረው ይቀራል።

ለምን ሊነክስ?

ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ተጸነሰ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ በ1991 የዩኒክስን ጠባይ የያዘውን የሊነክስን ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ጽፎ ለዓለም አሰራጨ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊነክስ ከርነል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለአንዳንድ የኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የታደሉት ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖችም በሊነክስ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ስሙ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ትልቁ ጥቅም ፈቃዱ ነው። ሊነክስን መቅዳት፣ ለጓደኛ ማካፈልና በፈለጉት ብዛት ኮምፒውተር ላይ መጫን ሕጋዊ ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ስጋት እዚህ የለም። ሌላም ወቅታዊ ምክንያት አለ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው የቆዩ ላፕቶፖች ግን በሊነክስ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

ሊነክስ ፍላሽ ላይ የሚቀመጥባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ለሙከራ ብቻ የሚሆን ነው፤ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው በዚያው ፍላሽ ላይ ቋሚ ማከማቻ ይጨምራል፤ የጻፉት ጽሑፍ፣ የጫኑት ፕሮግራምና ያስተካከሉት ኪቦርድ ሁሉ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል። ሦስተኛው ፍላሹን እንደ ሃርድ ዲስክ ቆጥሮ ሙሉ ጭነት ማካሄድ ነው። በሦስተኛው መንገድ ጫኚው ፕሮግራም የማስነሻ ፋይሉን ሳይታሰብ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ሊጽፈው ይችላል፤ በሰው ኮምፒውተር ላይ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚከተለው ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ከሊነክስ ዓይነቶች ደግሞ ሊነክስ ሚንትን፣ ከእሱም ቀለል ያለውን የኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ እትም እንመርጣለን። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያደናግርም፤ ጽሑፍ ማዘጋጃው ሊብሬ ኦፊስና ፋየርፎክስ አብረውት ይመጣሉ። የ22ኛው ትውልድ እትሞች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ያገኛሉ። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በተራ ፍላሽ ከጓደኛ መቀበል ይቻላል። በፋት-32 የተዘጋጀ ተራ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ አዲሶቹ የኡቡንቱ ፋይሎች ከዚህ ያልፋሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዩኤስቢ 3 ፍላሽ። ባለ 16ም ይሠራል፤ ቦታው ግን ቶሎ ይሞላል። ዩኤስቢ 2 ፍላሽ በጣም ይዘገያል።

• ለፋይል መለዋወጫና ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን ሌላ ተራ ፍላሽ።

• ለዝግጅቱ ብቻ፣ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር።

• ፍላሹ የሚነሳበት ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር። 2 ጊጋባይት ራም ያስነሳዋል፤ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ጊጋባይት ያስፈልጋል።

• የባለቤቱ ፈቃድ። በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በመሥሪያ ቤት የቤተ ሙከራውን ኃላፊ አስቀድመው ይጠይቁ። ዊንዶውሱ እንደማይነካ ያስረዱ፤ ካልፈቀዱ አይሞክሩ።

ደረጃ 1፦ ፋይሎቹን ያውርዱ

ከሊነክስ ሚንት ይፋ ድረ ገጽ የኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ እትሙን አይ-ኤስ-ኦ ፋይል (ስርዓቱ በሙሉ የታሸገበትን ፋይል) ያውርዱ። ፍላሹን የሚያዘጋጀው ሩፈስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነና መጫን ስለማያስፈልገው እንደወረደ ይከፈታል። እሱንም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ በስሙ የሚነግዱ አስመሳይ ገጾች አሉ።

በሞባይል ዳታ የሚያወርዱ ከሆነ ዋጋው የሚቀንሰውን የሌሊት ጥቅል ይጠቀሙ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ፕሮግራም ወይም ቶረንት ይምረጡ። ከሁሉ የሚሻለው መተባበር ነው፤ በአንድ ዶርም ወይም በአንድ ክፍል አንድ ሰው አውርዶ ሌሎቹ ከእሱ ይቅዱ። ፈቃዱ ይህን ያበረታታል።

ደረጃ 2፦ የወረደው ፋይል መሟላቱን ያረጋግጡ

በተቆራረጠ ኔትወርክ የወረደ ወይም ከእጅ ወደ እጅ የተቀዳ ፋይል ሊጎድል ይችላል። ሩፈስን ከፍተው አይ-ኤስ-ኦ ፋይሉን ከመረጡ በኋላ አጠገቡ ያለችውን የእርማት ምልክት ይጫኑ። ፕሮግራሙ ረጃጅም የፊደልና የቁጥር ድርድሮች ያወጣል። ሻ-256 የሚለውን ድርድር ሚንት በድረ ገጹ ካወጣው ጋር ያመሳክሩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ አይጠቀሙበት። ከሰው የተቀበሉትን ፋይል በተለይ ሳያመሳክሩ አይለፉ።

ደረጃ 3፦ ፍላሹን ይፈትሹ

በየገበያው ላያቸው 1 ወይም 2 ቴራባይት የሚል፣ ውስጣቸው ግን ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ የሐሰት ፍላሾች ይሸጣሉ። ዋጋው ከሚገባው በላይ ከረከሰ ይጠርጥሩ። በሩፈስ የላቁ አማራጮች ውስጥ የፍላሹን የተበላሹ ክፍሎች የሚፈትሽ ምርጫ አለ፤ የሐሰት መጠንንም ያጋልጣል። ረጅም ሰዓት ስለሚወስድና ፍላሹን ስለሚያጠፋ ከገዙ በኋላ አንድ ጊዜ፣ መብራት በማያሰጋበት ሰዓት ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ፍላሹን ያዘጋጁ

ይህ ደረጃ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። የሚፈልጉትን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱ። ስህተት እንዳይፈጠር ሌሎች ፍላሾችንና ውጫዊ ዲስኮችን ሁሉ ይንቀሉ። ከዚያ በሩፈስ ላይ በቅደም ተከተል፦

1. በላይኛው መስመር ፍላሽዎን ይምረጡ። መጠኑንና ስሙን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። የ32 ጊጋባይት ፍላሽ 29 ገደማ ሆኖ ቢታይ ጤነኛ ነው።

2. «ሰሌክት» የሚለውን ተጭነው አይ-ኤስ-ኦ ፋይሉን ይምረጡ።

3. «ፐርሲስተንት ፓርቲሽን ሳይዝ» የሚለው ተንሸራታች ዜሮ ላይ ነው። ለ32 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 20 ጊጋባይት ይውሰዱት። ፋይሎችዎና ፕሮግራሞችዎ የሚቀመጡት እዚህ ነው፤ ይህን ከዘለሉ የሚሠሩት ሁሉ በየጊዜው ይጠፋል።

4. «ፓርቲሽን ስኪም» በሚለው ኤም-ቢ-አር ይምረጡ። ከአሮጌ ባዮስም ከአዲስ ዩኢኤፍአይም (ኮምፒውተሩን ከሚያስነሱ ውስጣዊ ፕሮግራሞች) ጋር የሚግባባው እሱ ነው።

5. የፋይል ስርዓቱን ፋት-32 እንዳለ ይተዉትና «ስታርት»ን ይጫኑ።

6. ፕሮግራሙ በየትኛው ዘዴ እንደሚጽፍ ከጠየቀ በአይ-ኤስ-ኦ ዘዴ የሚለውን ይምረጡ። ዲ-ዲ የሚባለውን ከመረጡ ቋሚ ማከማቻው አይፈጠርም። ተጨማሪ ፋይል ላውርድ ካለም ይፍቀዱለት።

ሥራው እንደ ፍላሹ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃዎች ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አረንጓዴው መስመር ሞልቶ ዝግጁ መሆኑን እስኪያሳይ አይንቀሉ። ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ካመጣ እምቢ ይበሉ፤ የሊነክሱን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው የሚጠይቀው።

ደረጃ 5፦ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ

ፍላሹን ሰክተው ዊንዶውሱን «ሪስታርት» ያድርጉ። ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ፈጣኑ ነው። ማያው እንደጠቆረ የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኢስኬፕ ወይም ኤፍ 9፣ በአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ ነው። በኤሰር ኤፍ 12 ቢሆንም ምርጫው አስቀድሞ በባዮስ ውስጥ መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል።

ከሚወጣው ዝርዝር የፍላሹን ስም ይምረጡ። ቀጥሎ በሚመጣው ጥቁር ገጽ የመጀመሪያውን መስመር መርጠው ኢንተር ይጫኑ። የመጀመሪያው አነሳስ ይዘገያል፤ ይታገሱ።

ዴስክቶፑ ሲከፈት ሊነክስ ሚንትን ለመጫን የሚጋብዝ አዶ ያያሉ። በሰው ኮምፒውተር ላይ ይህን አዶ አይንኩት። የኮምፒውተሩን ዲስክ ሊያጠፋ ይችላል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ስርዓት ደግሞ አስቀድሞ ፍላሹ ላይ ተነስቷል።

ደረጃ 6፦ ማከማቻው መሥራቱን ይፈትኑ

ምንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት ዴስክቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ፈጥረው ስም ይስጡት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ አጥፍተው እንደገና ከፍላሹ ያስነሱ። ፎልደሩ ካለ ማከማቻው ይሠራል። ከሌለ ተንሸራታቹ ዜሮ ላይ ቀርቷል ወይም በዲ-ዲ ዘዴ ተጽፏል፤ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

ሲያጠፉ ፍላሹን አውጥተው ኢንተር እንዲጫኑ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይመጣል። ያ ጽሑፍ ሳይታይ ፍላሹን አይንቀሉ።

ደረጃ 7፦ ኢንተርኔት፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ

በቀኝ በኩል ባለው የኔትወርክ ምልክት ዋይፋይ ይምረጡ። የአንዳንድ አሮጌ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ዋይፋይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አይሠራም። ያኔ አንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው በስልኩ ላይ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ፤ ወዲያው ኢንተርኔት ያገኛሉ።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አማርኛ ለማንበብ ችግር አይገጥምዎትም። ለመጻፍ «ሶፍትዌር ማናጀር»ን ከፍተው አይባስ ኤም-17-ኤን የተባለውን ጥቅል ፈልገው ይጫኑ። ቀጥሎ «ኢንፑት ሜተድ» በሚለው ማስተካከያ አይባስን ይምረጡና ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሱ። በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛን፣ ከእሱም ሴራ የተባለውን ዘዴ ይጨምሩ። ሴራ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ሲጽፉ ወደ ፊደል የሚቀይር ዘዴ ነው። ያማረ የኅትመት ፊደል ከፈለጉ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም እዚያው ይገኛል።

አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ተራው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይበቃዋል። በሁለቱም ቋንቋ የሚሠራ ሰው በአንድ የቁልፍ ጥምረት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ያለ ፎንታቸው የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ይሆናሉ። አዲሱን ሥራዎን ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ሥራዎን ወደ ማሳተሚያ ይውሰዱ

በሊብሬ ኦፊስ የጻፉትን ለመምህር ወይም ለጽሕፈት ቤት ሲሰጡ መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት፤ ፎንቱና ገጹ እንዳሉ ይቆያሉ። እርማት የሚጠበቅበት ከሆነ በዶክ-ኤክስ ዓይነትም ያስቀምጡ። ሁለቱንም ወደ ተራው ፍላሽ ይቅዱ። ሊነክስ ያለበትን ፍላሽ ለጽሕፈት ቤት አይስጡ፤ በዊንዶውስ በስህተት ፎርማት ሊደረግብዎት ይችላል።

ሲያስቸግር

ፍላሹ በዝርዝሩ ካልታየ፦ ሌላ መሰኪያ ይሞክሩ፤ ዊንዶውሱንም «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ማድረግዎን ያረጋግጡ።

ሴኪዩር ቡት (የኮምፒውተሩ የማስነሻ ጥበቃ) ከከለከለ፦ ሚንት በአብዛኛው ያልፈዋል። ካላለፈ በባዮስ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ሆኖም ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶውስ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ከሌለ ምንም አይቀይሩ፤ ሌላ ኮምፒውተር ይፈልጉ።

ማያው ጠቁሮ ከቀረ፦ በመጀመሪያው ጥቁር ገጽ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ይምረጡ።

ኮምፒውተሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ፦ አዲሱ ሚንት አይነሳም። አንቲ-ኤክስ የተባለው ቀላል ሊነክስ የ32 ቢት እትም አለው።

የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ከቀረ፦ ሁለቱ ስርዓቶች የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ይለያያል፤ እኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን። በዊንዶውስ የሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ማመሳሰያውን ቢጫኑ ይስተካከላል። ለባለቤቱ አስቀድመው ይንገሩ።

ፍላሹ እንዲበረክት

ፍላሽ የሚጻፍበት ብዛት ገደብ አለው። ስለዚህ አላስፈላጊ ጽሕፈትን ይቀንሱ፤ ፊልምና ትልልቅ ፋይሎችን በተራው ፍላሽ ይያዙ። ዝማኔ ሲመጣ የሚፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ብቻ ያዘምኑ፤ ከርነሉን ግን አያዘምኑ። ፍላሹ የሚነሳው መጀመሪያ በተጻፈው ከርነል ስለሆነ አዲሱ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም። አዲስ የሚንት እትም ሲወጣ ፋይሎችዎን ቀድተው ፍላሹን ከመጀመሪያው ያዘጋጁት።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር እየሠሩ መብራት ድንገት ቢጠፋ ማከማቻው ሊበላሽ ይችላል። ባትሪ ባለው ላፕቶፕ መሥራት ይመረጣል። በየዕለቱ ሥራ ሲያበቁ ጽሑፍዎን ወደ ሁለተኛው ፍላሽ ወይም ወደ ኢሜይልዎ ይቅዱ። የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ መኖር የለበትም።

ይህ ፍላሽ ቁልፍ የለውም። ስርዓቱ ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል፤ ማከማቻውም አልተመሰጠረም። ያገኘው ሰው ሁሉ ሊያነበው ስለሚችል የባንክ ይለፍ ቃል፣ የመታወቂያ ቅጂና የሌላ ሰው ምስጢር አያስቀምጡበት። ፋየርፎክስ ይለፍ ቃል ላስቀምጥ ሲልም ይከልክሉት።

ለመምህራንና ለቤተ ሙከራ ኃላፊዎች

ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ የስንዴ ዝርያ ለገበሬው ከመድረሱ በፊት በሙከራ ማሳ ይፈትነዋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ፍላሽ አዘጋጅታችሁ በቤተ ሙከራችሁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ አስነሱት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ማተሚያው የሚሠራበትንና የማይሠራበትን መዝግቡ። ከዚያ አይ-ኤስ-ኦ ፋይሉን ከነሻ-256 ድርድሩ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡና ተማሪው ያለ ዳታ ወጪ እንዲቀዳ ፍቀዱለት። ሃርድ ዲስካቸው ተበላሽቶ ጥግ የተቀመጡ ኮምፒውተሮችም ካሉ አውጡና ሞክሯቸው፤ ሌላው ዕቃቸው ደህና ከሆነ በዚህ ፍላሽ ይነሳሉ።

እርስዎም የመጀመሪያው ፍላሽዎ ከሠራ በኋላ ዕውቀቱን ለራስዎ ብቻ አይያዙት። ለክረምት ወደ ቀበሌዎ ሲመለሱ አይ-ኤስ-ኦ ፋይሉን ይዘው ይሂዱ፤ ለታናናሾችዎ አንድ ፍላሽ ያዘጋጁላቸው፤ ከደረጃ 1 እስከ 8 አብረዋቸው ይለፉ። ላፕቶፕ ለመግዛት ዓመታት ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ የራስን ስርዓት ይዞ መማር ግን ከዛሬ ይጀመራል።